አስታማሚውን ማን ያስታምመው? በወንዶችና በቤተሰብ አስታማሚዎች ላይ ስለሚደርስ ድባቴ

ቢስሚላህ። ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን የምናነሣው ርእስ በመካከላችን ያለ፣ ስሙ ግን እምብዛም የማይጠራ በሽታ ነው፤ ድባቴ። በተለይ በሁለት ዓይነት ሰዎች ላይ ሲወድቅ እንመለከተዋለን፤ በወንዶች ላይና የታመመ ቤተሰብ በሚያስታምሙ ሰዎች ላይ። ሁለቱን አንድ ላይ ያነሣነው በምክንያት ነው። ወንዱ ሕመሙን "ወንድ ነኝ" ብሎ ይደብቀዋል፤ አስታማሚው ደግሞ "የታመመው እኔ አይደለሁም" ብሎ ይደብቀዋል። አባቱን ወይም እናቱን የሚያስታምም ወንድ ተማሪ ሁለቱንም መደበቂያ ይዟል። አበው እንዳሉት በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

በዚህ ትምህርት ሦስት ነገሮችን እናያለን። በመጀመሪያ በሽታውን ለይተን እናውቃለን፤ ቀጥለን "ድባቴ የኢማን ድክመት ነው" የሚለውን አባባል እንመረምራለን፤ በመጨረሻም እንደ ጀመዓ ምን ማድረግ እንደምንችል እንነጋገራለን፤ ኢንሻአላህ።

1. ድባቴ ምንድን ነው?

ሐዘን ሁሉ ድባቴ አይደለም። ዘመድ የሞተበት ወይም ፈተና የወደቀ ሰው ያዝናል፤ ሐዘኑ ግን እየሄደ እየመጣ ከቀን ወደ ቀን ይቀልለዋል። መካከል ላይ ይስቃል፤ ምግብ ይጣፍጠዋል፤ የወዳጅ ወሬ ያጽናናዋል። ድባቴ ከዚህ ይለያል። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይዞ ይቆያል፤ ትምህርትን፣ ሥራንና ዝምድናንም ያበላሻል።

ሐኪሞች ዘጠኝ ምልክቶችን ይመለከታሉ፤

- የስሜት መውረድ፣ የልብ መጨለም፣
- ቀድሞ ደስ ይል የነበረ ነገር ሁሉ ማስጠላቱ፣
- እንቅልፍ ማጣት ወይም ከመጠን በላይ መተኛት፣
- የምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይም መጨመር፣
- ያለ ሥራ መድከም፣ ጉልበት ማጣት፣
- ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣
- ራስን መውቀስ፣ "እኔ ዋጋ የለኝም" ማለት፣
- እንቅስቃሴና ንግግር መዘግየት ወይም በተቃራኒው መቁነጥነጥ፣
- ሞትን መመኘት ወይም ራስን ስለ ማጥፋት ማሰብ።

ከእነዚህ ቢያንስ አምስቱ አብረው ሲገኙ፣ ከአምስቱም አንዱ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ምልክቶች ሲሆን፣ ሐኪሙ ስለ ድባቴ ያስባል። በእነዚሁ ዘጠኝ ምልክቶች ላይ የተመሠረተ አጭር መጠይቅ አለ። ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በባለሙያ እንዲታይ ይመከራል። የአማርኛው ቅጂ በአዲስ አበባ በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ስለዚህ "ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው" ማለት አያስኬድም።

በእርግጥ በአገራችን በሽታው ብዙ ጊዜ በሰውነት ቋንቋ ነው የሚናገረው። ታማሚው "አዘንኩ" ሳይሆን "ራሴን ያቃጥለኛል"፣ "ልቤን ይጫነኛል"፣ "ጨጓራዬ ነው" ይላል። የጨጓራ መድኃኒት ወስዶ ወስዶ ያልተሻለው ወንድም ስንት ሌሊት እንዳልተኛ ማንም ሳይጠይቀው ሊቀር ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ 280 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ድባቴ እንደነበረባቸው ገምቷል። መንስኤው አንድ አይደለም። በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት፣ ረጅም ጊዜ የቆየ ጭንቀት፣ ማጣትና ስደት፣ የቆየ የሰውነት ሕመም፣ ብቸኝነት፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው።

2. ወንዱ ለምን አይታይም?

በጎጃም ደጋ ያደገ ወንድ ልጅ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ከልጅነቱ የሚሰማቸው ቃላት አሉ፤ "ወንድ ልጅ አያለቅስም"፣ "ጠንከር በል"፣ "ሆድ ይፍጀው"። ቃላቱ ከክፋት የመጡ አይደሉም። በብርድና በጭቃ ለሚያርስ፣ ሸክሙን ይዞ በእግሩ ገበያ ለሚወጣ ሕዝብ መጽናት ትልቅ ሀብት ነው። ችግሩ ግን ሆድ ሁሉን አይፈጅም፤ አንዳንዱ ነገር ሆድን ራሱን ይፈጀዋል።

በዓለም አቀፍ መረጃዎች ድባቴ በሴቶች ላይ ከወንዶች በግማሽ ያህል ይበልጣል። ራሱን አጥፍቶ የሚሞተው ሰው ሲቆጠር ግን ነገሩ ይገለበጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት በዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች በዚህ መንገድ ሞተዋል፤ የወንዶቹ መጠን ከሴቶቹ ከእጥፍ በላይ ነበር። በሽታው በወንዶች ላይ ያንሳል እየተባለ ሞቱ በወንዶች ላይ እንዴት በዛ? ከመልሱ አንዱ ክፍል የወንዱን ሕመም በደንብ አለማየታችን ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከተለመዱት ምልክቶች ጋር ቁጣን፣ ጠበኝነትን፣ የአደንዛዥ ነገሮች ሱስንና ራስን ለአደጋ መጣልን አብሮ ሲቆጥር በወንድና በሴት መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል።

ይህን ወደ ግቢያችን እናምጣው። እንዲህ ያለ ወንድም እናስብ። ፈጅር ላይ ከፊተኛው ሰፍ የማይጠፋ ነበር፤ አሁን ጁምዓ ላይም አይታይም። ከዶርም ጓደኞቹ ጋር በጥቂቱም በትልቁም ይጣላል። ስልኩን አያነሣም። ሌሊቱን በስልክ ሲያፈጥጥ አድሮ የጠዋቱን ሌክቸር ይተኛል። ገንዘቡን በስፖርት ውርርድ ይጨርሳል። ጓደኞቹ "ተበላሸ" ይላሉ፤ ጀመዓው "ዲኑን ተወ" ይላል። ወንጀሉ ወንጀል ነው፤ ማንም ሐላል አያደርገውም። ነገር ግን ከወንጀሉ በስተጀርባ በሽታ ካለ፣ ነሲሓ ብቻውን አያነሣውም።

የጫት ጉዳይም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ብዙ ተማሪ ጫት የሚጀምረው ለማጥናት ነው ይላል። ልቡ የጨለመበት ሰው ግን ለጥቂት ሰዓት ዓለም እንዲቀልለው ይቅማል። ምርቃናው ሲለቀው ከነበረበት ይብስበታል፤ እንቅልፍ ይርቀዋል፤ ልተው ባለ ጊዜ ዱካክ ይጫነዋል። መድኃኒት የመሰለው ነገር በሽታውን ሲቀልብለት ይኖራል።

በአካባቢያችን ያለፉትን ዓመታት ክስተቶችም መርሳት የለብንም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጂዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጥለዋል። እንዲህ ያለ መከራ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቆጠረው ንብረት ነው። የዕድሜ ልክ ድካሙ በአንድ ቀን አመድ የሆነበት አባት ግን ሱቁ ቢሠራለትም እንቅልፉ አብሮ ላይመለስለት ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭትም ሃይማኖት ሳይለይ የሁሉንም ቤት አንኳኩቷል። መንገድ ሲዘጋና ስልክ ሲቋረጥ፣ ከቤተሰቡ ርቆ ዶርም ውስጥ የተቀመጠ ተማሪ ክፉ ወሬ እየጠበቀ ያድራል። ታላቅ ወንድም የሆነው ደግሞ ታናናሾቹ ሲደውሉለት "ምንም አይደል፣ አብሽሩ" ይላል። እሱን "አብሽር" የሚለው ግን ላይኖር ይችላል።

3. አስታማሚው

ቋንቋችን ታማሚንና አስታማሚን ከአንድ ሥር ነው ያወጣቸው፤ ታመመ፣ አስታመመ። በሽታ ቤት ውስጥ ሲገባ ሁለት ሰው ይይዛል፤ አንዱ አልጋ ላይ ይተኛል፣ ሌላው አልጋው ሥር።

በአገራችን ሆስፒታሎች ያለ አስታማሚ መታከም ከባድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ካርድ የሚያወጣው፣ ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ የሚሮጠው፣ ግቢ ውስጥ ያልተገኘውን መድኃኒት ከተማ ወጥቶ የሚፈልገው፣ ደም የሚለግስ ሰው የሚለምነው፣ የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው አስታማሚው ነው። ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ታማሚ ይዞ የሚመጣ ሰው ሰብሉንና ከብቱን ለጎረቤት ትቶ ነው። ከዚህም አልፎ "ሪፈር" ተብሎ ወደ አዲስ አበባ ሲላክ የዓባይን በረሃ አቋርጦ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ እዚያም ማደሪያ ፍለጋ ይጀምራል። ይህ ለሳምንት ከሆነ ጉልበት ይችለዋል። ስትሮክ፣ የኩላሊት ሕመም፣ ካንሰር፣ የአእምሮ ሕመም ግን ወራትና ዓመታት ናቸው።

ጥናቶችም ይህንኑ ያሳያሉ። በጅማ የጽኑ የአእምሮ ሕመምተኞች አስታማሚዎች ላይ ተጠንቶ በ2017 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ሥራ፣ ከአምስት አስታማሚዎች አንዱ ገደማ ድባቴ ተገኝቶበታል። ሸክሙ ለብቻቸው የወደቀባቸው፣ ለረጅም ጊዜ ያስታመሙና ሴቶች ይበልጥ ተጎድተዋል። በቡታጅራ ገጠር 178 የታማሚ ቤተሰቦች ተጠይቀው በ2001 (እ.ኤ.አ.) በታተመው ጥናት ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ በቤታቸው በገባው የአእምሮ ሕመም ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። ብዙዎቹ መጽናኛቸው ጸሎት እንደሆነ ገልጸዋል። ይህ ሁለቱንም ያስተምረናል፤ ሰዎቹ ወደ ፈጣሪያቸው መሸሻ አላቸው፤ ከሰው ግን ርቀዋል።

የአስታማሚ ድባቴ መልኩ ትጋት ስለሚመስል አይታወቅም። "ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ልጅ ነው!" ሲባል ውሎ ያድራል። እሱ ግን ካስተዋልነው የራሱን ሕመም አይታከምም፤ ምግብ ይረሳል፤ በታማሚው ላይ ድንገት ይቆጣና ከዚያ ቀኑን ሙሉ በጸጸት ይቃጠላል። አንዳንዱ "ምነው አላህ በገላገለን" የሚል ሐሳብ ብልጭ ይልበታል፤ ወዲያው "ምን ዓይነት አውሬ ነኝ?" ብሎ ራሱን ይጠላል። ይህ ሐሳብ የመጣበት ሁሉ እንዲያውቀው የምንፈልገው ነገር አለ፤ ሐሳቡ የድካም ልጅ ነው፤ ፍቅር ማጣት አይደለም። በረዥም አስታማሚነት ውስጥ ያለፈ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው።

በመካከላችን በሩቅ የሚያስታምሙም አሉ። ቤት አባት ታሟል፤ ልጁ ግቢ ነው። ኖን ካፌ ሆኖ የሚሰጠውን ገንዘብ ግማሹን ወደ ቤት ይልካል፤ ራሱ በቀን አንዴ ይበላል። በየሌሊቱ ይደውላል። ፈተና ላይ ሲቀመጥ ልቡ እዚያ ነው። ውጤቱ ሲወርድ "አባቴ እየታመመ እኔ እዚህ ተቀምጬ መማሬ ምን ይባላል?" ይላል። እህቶቻችን ደግሞ ከዚህ የባሰ ምርጫ ይገጥማቸዋል፤ እናት ስትታመም ትምህርቷን አቋርጣ እንድትመለስ መጀመሪያ የሚታሰበው ሴቷ ልጅ ናት። ወንድሟ ገንዘብ ልኮ ግዴታውን እንደ ተወጣ ይቆጥራል።

እዚህ ላይ የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን (ረ.ዐ) ታሪክ እናስታውስ። በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ የበድር ዘመቻ ሲነሣ ባለቤታቸው ሩቀያ፣ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ፣ በጽኑ ታማ ነበር። ነቢዩም ዑስማን ከዘመቻው ቀርተው እንዲያስታምሟት አደረጉ፤ እንደ ዘማቾቹ አጅሩም ድርሻውም እንዳላቸው ነገሯቸው። ሩቀያ በዚያው ሕመም አረፈች። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ማስታመም የሴት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ከታላላቅ ሶሓቦች አንዱ ለዚህ ሲሉ ከበድር ቀርተዋል። ደግሞም ማስታመም ከትልቅ ሥራ የተቆጠረ ስለሆነ አስታማሚው እንደ ዘማች ስንቅና ረዳት ይገባዋል።

4. ድባቴ የኢማን ድክመት ነውን?

ድባቴ የያዘው ሙስሊም ከበሽታው በላይ የሚጎዳው ይህ ጥያቄ ነው። "ቁርኣን ብትቀራ ኖሮ"፣ "ሶብር ቢኖርህ ኖሮ" ይባላል። እሱም ራሱን ሙናፊቅ አድርጎ ይቆጥራል፤ ኀፍረቱ ከመስጂድ ያርቀዋል፤ መራቁ ሐዘኑን ያብሰዋል።

የነቢያትን ታሪክ ግን እንመልከት። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው በዩሱፍ መለየት አዝነው ከሐዘናቸው ብዛት ዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ ደርሰዋል፤ ሱረቱ ዩሱፍ ይህን ይነግረናል። እኒሁ ነቢይ በዚያው ሱራ ከአላህ እዝነት ተስፋ እንዳይቆረጥ ልጆቻቸውን ይመክራሉ። ሐዘናቸውና ተስፋቸው በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ኖረዋል፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም። የነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የሕይወት ታሪክ ውስጥም ባለቤታቸው ኸዲጃና አጎታቸው አቡ ጧሊብ የሞቱበት ዓመት "የሐዘን ዓመት" ተብሎ ይጠራል። ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞትም በሰው ፊት አልቅሰዋል። "ወንድ ልጅ አያለቅስም" የሚለው የአገር ባህል ይሆናል እንጂ ሱና አይደለም።

መርየም (ዐ.ሰ) በምጥ ጊዜ ብቻዋን ሳለች ከዚያ በፊት ሞታ በነበረ ብላ መመኘቷን ሱረቱ መርየም ይተርካል። ለዚያች ሴት የመጣላት መልስ ምን ነበር? "አትዘኚ" ተባለች፤ ውኃ ከበታቿ፣ ተምር ከአጠገቧ ተሰጣት፤ እንድትበላና እንድትጠጣ፣ ከሰው ጭቅጭቅም እንድታርፍ ተነገራት። ወቀሳ አልቀደመም፤ የቀደመው እንክብካቤ ነው። ልቡ የጨለመበት ወንድም ጋር ስንገባ ይህን ቅደም ተከተል እንያዝ።

የቀደሙ ሙስሊም ሊቃውንትም ነገሩን አውቀውታል። በ934 (እ.ኤ.አ.) ያረፈው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ ሰውነትና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ፣ ነፍስም እንደ ሰውነት እንደምትታመምና ሕክምና እንደሚያስፈልጋት አስተምሯል። ሐዘንንም ለሁለት ከፍሎታል፤ ምክንያቱ የሚታወቅና ምክንያቱ የማይታወቅ። ምክንያቱ ለማይታወቀው ሐዘን የሰውነትን ሕክምና ጨምሮ መክሯል። ይህ ከ1,000 ዓመት በፊት ነው። "ምን ጎደለህና ታዝናለህ?" ለምንል ለእኛ መልሱ ያኔ ተጽፏል።

5. ሩቅያ፣ ሐኪምና መድኃኒት

በቤተሰቦቻችን ዘንድ እንዲህ ያለ ሕመም ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጂን፣ ዓይን ወይም ሲሕር ነው። እነዚህ መኖራቸውን አንክድም፤ በቁርኣንና በሱና የመጣ ሩቅያም የተፈቀደ ነው። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው ነግረው እንድንታከም አዝዘዋል፤ ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰውም አስሮ እንዲመካ አመላክተውታል። ሩቅያና ሕክምና አይጣሉም። የሚጣላው ታማሚውን መምታት፣ ማሰር፣ ማስራብ፣ መድኃኒቱን ማስጣልና በቤተሰቡ ጭንቀት ገንዘብ መነገድ ነው። እንዲህ ከሚያደርግ ሰው እንራቅ።

ድባቴ ይታከማል። ቀላሉ በምክር አገልግሎትና በንግግር ሕክምና ሊድን ይችላል። ከበድ ሲል ሐኪሙ እንደ ፍሉኦክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶችን ያዝዛል። ስለ እነዚህ ሦስት ነገር እንወቅ። በመጀመሪያ መድኃኒቱ በማግሥቱ አይሠራም፤ ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ሁለተኛ፣ እንደ ጫት ወይም እንደ መጠጥ ሱስ አያስይዝም። ሦስተኛ፣ "ተሻለኝ" ተብሎ በድንገት አይቋረጥም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተሻለ በኋላም ለወራት ይቀጥላል፤ ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። ረመዷን ሲመጣ መድኃኒቱን ከመጣል ይልቅ ሐኪሙን እንጠይቅ፤ በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ወደ ኢፍጧር ወይም ወደ ሱሑር ሰዓት ሊዛወር ይችላል። ሐኪሙ ጾም ይጎዳዋል ካለ ደግሞ ለታማሚ አላህ የሰጠው ሩኽሷ አለ።

የት እንሂድ? ለእኛ የቅርቡ በር የግቢው የተማሪዎች ክሊኒክና የምክር አገልግሎት ነው። ከዚያ በላይ ካስፈለገ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ወደ ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ ሥራ ተጀምሯል፤ ስለዚህ የቤተሰባችንን ታማሚ በቅርቡ ጤና ጣቢያ ማስጠየቅ ይቻላል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ቤተሰብም ካርዱን ይዞ ይሂድ።

ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ወንድም ወይም እህት ካለ ጉዳዩ ቀጠሮ የለውም። በግልጽ "ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይልቁንም ያስተነፍሰዋል። ብቻውን አንተወው፤ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ እናርቅ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል እንውሰደው። ራስን መግደል ሐራም መሆኑን እሱም ያውቃል፤ በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ስብከት ሳይሆን የሚይዘው እጅ ነው።

6. ምን እናድርግ?

ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ወንድማቸው አቡ ደርዳእን ሊዘይሩ ሄደው ያዩትን ሁላችንም ሰምተናል። አቡ ደርዳእ ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በሶላት ያሳልፉ ነበር፤ ቤተሰባቸውና ሰውነታቸው ተረስቷል። ሰልማን አበሏቸው፤ እንዲተኙ አደረጓቸው፤ ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸው ብለው መከሯቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነቱን መናገሩን አጸደቁ። ለዒባዳ ሲባል እንኳ የነፍስ ሐቅ ካልተረሳ፣ ለማስታመም ሲባልም አይረሳም። ሰልማን ይህን ያወቁት በዚያራ መሆኑንም ልብ እንበል፤ ቤት ካልገቡ አይታይም።

ስለዚህ እነዚህን ሥራዎች ለራሳችን እናስቀምጥ፤

- ከጀመዓ ለሁለት ሳምንት የጠፋ ወንድም ሲኖር "የት ጠፋህ?" ብለን በቴሌግራም ከመላክ ዶርሙ ድረስ እንሂድ። ወንድ ፊት ለፊት ተቀምጦ ላይናገር ይችላል፤ አብረን እንራመድ፣ አብረን ሻይ እንጠጣ፣ እየሠራን እናውራው።
- "እንዴት ነህ?" ለሚለው መልሱ ሁልጊዜ "አልሐምዱሊላህ" ነው። ምስጋናው እውነት ነው፤ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ እንጨምር፤ "እንቅልፍህስ? ምግብህስ?"
- ቤተሰቡ የታመመበትን ተማሪ እንመዝግብ፤ ሆስፒታል ከሆነ በተራ አንድ ሌሊት እንተካው። ሌክቸር ኖት እናቆይለት፤ ዊዝድሮው ለመሙላት ሲገደድ አብረነው ቢሮ እንሂድ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።
- ታማሚ ስንዘይር አስታማሚውን ለይተን እንጠይቀው፤ ለእሱም ምግብ እንያዝ፤ ለእሱም ዱዓ እናድርግ።
- ወንድሞች፣ ቤት ውስጥ ማስታመም በእህቶቻችን ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ከቤተሰብ ጋር እንነጋገር። ገንዘብ መላክ ጥሩ ነው፤ በእረፍት ጊዜ ሄዶ እናትን ማጠብ፣ አባትን ማጉረስ ግን የእኛም ሥራ ነው።
- የሰማነው ነገር አማና ነው። ምስጢሩ ከዶርም ወጥቶ ግቢውን ከዞረ ያ ወንድም ዳግመኛ አፉን አይከፍትም፤ ያየው ሌላውም እንዲሁ። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ሊረዳው ለሚችል ባለሙያ መንገር አማናን ማፍረስ አይደለም።

አንተ ራስህ በዚህ ውስጥ ካለህ፣ ወይም አንቺ እህታችን ከሆንሽ፣ ትንንሽ ነገሮችን እንዳትንቁ እንመክራለን። የመኝታን ሰዓት ማስተካከል፣ በቀን ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ፣ ጫትንና ውርርድን መራቅ፣ ፈርድ ሶላትን ሌላው ሱና ቢቀር እንኳ አጥብቆ መያዝ፣ ለአንድ ሰው እውነቱን መናገር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ እንደነበር በሐዲስ መጥቷል። ከጭንቀት በአላህ መጠበቅ ካለ፣ መጨነቅ በሙእሚን ላይ ይደርሳል ማለት ነው።

7. ለውይይት

በሐለቃዎቻችን እነዚህን ጥያቄዎች እንወያይባቸው፤

1) በሐዘንና በድባቴ መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ አገላለጽ ተናገሩ።
2) በአካባቢያችሁ ወንድ ልጅ ሲያዝን የሚባሉ አባባሎች የትኞቹ ናቸው? ከነቢያት ታሪክ ጋር ስታነጻጽሯቸው ምን ታያላችሁ?
3) ዑስማን (ረ.ዐ) ከበድር መቅረታቸው ስለ ማስታመም ምን ያስተምራል?
4) በየዶርሙ ቤተሰቡን በቅርብም በሩቅም የሚያስታምም ማን አለ? በዚህ ሳምንት ለእሱ የምታደርጉት አንድ ነገር ምንድን ነው?

አራተኛው ጥያቄ በወረቀት ላይ የሚመለስ አይደለም፤ መልሱ በሚቀጥለው ሐለቃ ይጠየቃል።

አላህ ታማሚዎቻችንን ይፈውስ፤ አስታማሚዎቻችንን ያበርታ፣ ድካማቸውንም በመልካም ሚዛናቸው ላይ ያኑርላቸው፤ የተደበቀ ጭንቀት ያለባቸውን ወንድሞችና እህቶች ልብ ያስፋ፤ ለምድራችን ሰላም ይስጥ። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።